ድምፁ ከጎማው ሲቀድም

ባቡሩ ጮኸ፤ ግን አልሄደም።

ደወል ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ጠበቀች። ከትንሿ ስፒከር የወጣው ፉጨት የወርክሾፑን ቆርቆሮ ጣሪያ ነክቶ ተመለሰ። ከዚያ እንፋሎቱ «ፉሽ... ፉሽ...» ማለት ጀመረ። ጎማዎቹ ግን እንደ ተቀጣ ተማሪ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ድንገት፣ አንድ ሰው ከኋላ የገፈተራቸው ይመስል፣ ዘለው ተነሡና የተቀጠሉት ፉርጎዎች እርስ በርስ ተላተሙ።

አባቷ መቆጣጠሪያውን አጠፋ፤ መነጽሩንም ወደ ግንባሩ ሰቀለ።

«ትናንት ጎማው ነበር የሚቀድመው። ዛሬ ደግሞ ድምፁ። ከትናንት ወዲያስ?»

«ድምፁ» አለች ደወል።

«ድምፁ» አለ ከቁም ሳጥኑ ማዶ ያለው ሰው፣ በዚያው ቅጽበት።

በአንድ አፍ መናገራቸው እጅ ከፍንጅ የተያዙ ያህል አሳፈራቸው። በሩ አጠገብ ሹራብ የምትሠራው አክስቷ ቀና ብላ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ አየች።

«አቤት መስማማት!» አለች። «እንዲህ የሚግባቡ ሰዎች የሠሩት ባቡር ምን ሆኖ ነው ከራሱ ጋር የሚጣላው?»

«እህቴ፣ ነገር አታምጪ» አላት አባትየው።

«ነገሩማ ከመጣ ሰንብቷል። እኔ ሹራቤን ነው የምሠራው።»

ወርክሾፑ የአባቷ ነው። ርዝመታቸው ክንድ የማይሞላ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚሄዱ ባቡሮች እዚህ ይሠራሉ፤ ሲታመሙም ወደዚሁ ይመጣሉ። በባቡሩ ሆድ ውስጥ ጥፍር የሚያህሉ ሁለት ቦርዶች አሉ። አንደኛው ድምፁን ይይዛል፣ ሁለተኛው ሞተሩን። ሁለቱም ትእዛዝ የሚቀበሉት ከሐዲዱ ነው። «ሂድ» ሲባሉ አንዱ መጮህ፣ ሌላው መንቀሳቀስ አለበት፤ ያውም እኩል። የሙያው ጭንቅ ሁሉ ያቺ «እኩል» የምትባለው ነገር ናት። የፀጉር ያህል ከተዛነፈች ዓይን ባያያት እንኳ ልብ ያውቃታል፤ ባቡሩ ባቡርነቱ ቀርቶ ቆርቆሮ ይሆናል።

ድምፁ የደወል ሥራ ነው። ስሙን ያወጣችላት አክስቷ ስትሆን ምክንያቱም በሕፃንነቷ ስታለቅስ መንገድ ተሻግሮ ይሰማ ስለነበር ነው። ትምህርቷን ጨርሳ፣ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ሆና ስትመለስም ስሙ አልለቀቃትም። ሞተሩ፣ ጥርሱና ጎማው የመዘውር ሥራ ነው። የመዘውር እናት ለዚህ ቤት ልብስ ስታጥብ ኖራለች። ልጁ በዚያው ግቢ ሲያድግ የሚሽከረከር ነገር ካገኘ ሳይፈታ አያድርም ነበርና እሱም ስሙን እንደዚያው አገኘ። አባትየው ሙያውን አስተማረው፤ እጁን ወደደለት። ምሳ ላይ ግን መዘውር ሳህኑን ይዞ ወደ ወርክሾፑ ይመለሳል እንጂ ከቤተሰቡ ጋር ገበታ አይቀርብም። ማንም ተቀመጥ አላለውም፤ እሱም ቆሞ አልጠበቀም።

አባትየው ለዚህ ሥራ አንድ ሕግ አለው። ድምፅና ሞተር ሲገጣጠሙ ከሁለቱ አንዱ ይቆማል፤ ሌላው ወደ እሱ ይመጣል። የሚቆመው ሰው እጁን ከጠረጴዛው ያነሣና ጮክ ብሎ «ቆሜያለሁ!» ይላል። ሌላው «መጣሁ!» ብሎ የራሱን ይነካል። ሳይነጋገሩ መንካት ነውር ነው። ደወልና መዘውር በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ለዓመታት «ቆሜያለሁ!» «መጣሁ!» ሲባባሉ ኖረዋል። በመስኮቱ በኩል የሚያልፍ ሰው ድብብቆሽ የሚጫወቱ ይመስሉት ነበር።

ፍቅራቸውን ለማንም አልተናገሩም። እርስ በርሳቸውም በቃል አልተነጋገሩበትም። እሷ ካቻቪቴ ስትፈልግ፣ ሳትጠይቅ እጇ ላይ ታገኘዋለች። እሱ ዓይኑ ሲደክም፣ ሳይናገር መብራቱ ወደ እሱ ይዞራል። ይኸው ነበር ንግግራቸው፤ ለሁለቱም በቂ መስሏቸው ነበር።

ከዚያ ዶክተሩ መጣ። የሕፃናት ክሊኒክ አለው፤ ልጆቹ ተራ ሲጠብቁ የሚያዩት፣ ከመርፌው ፍራቻ የሚያዘናጋቸው ባቡር አዘዘ። ባቡሩን ለማየት ሲመላለስ ደወልን አየ፤ ጥቂት ቆይቶ እናቱ ለጋብቻ ጠየቀችለት። አባቷ ደስታው ፊቱ ላይ ፈሰሰ። በዚያው ሳምንት ያ ትልቁ የዕቃ ቁም ሳጥን ከግድግዳው ተነሥቶ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ፣ መካከሉ ላይ ቆመ፤ ደወል ወዲህ፣ መዘውር ወዲያ። ባቡሩም ለሁለት ተከፈለ፤ ድምፁ ያለበት ክዳን ወደ እሷ፣ ሞተሩ ያለበት ወገብ ወደ እሱ። አባትየው ራሱ በየጠዋቱ ይገጥመውና ይሞክረዋል፤ ሲበላሽ መልሶ ይፈታና ለየባለቤቱ ይሰጣል።

«ቁም ሳጥኑ ለአቧራው ነው» አለ አባትየው።

«የቱ አቧራ?» አለች አክስት።

ብዙም ሳይቆይ መዘውር በሩቅ ከተማ ፋብሪካ ሥራ አገኘ ተባለ። ደወል ይህን የሰማችው ከአክስቷ ነው፣ እንደ ተራ ወሬ፤ የያዘችው ወረንጦ ከእጇ ወደቀ። በማግስቱ ለአባቷ «እሺ በላቸው» አለችው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ዶክተሩና እናቱ ይመጣሉ፤ ባቡሩን ሊረከቡ፣ «እሺ» የሚለውንም ከራሷ አፍ ሊሰሙ። ዛሬ አመሻሽ ላይ ደግሞ የመዘውር አውቶቡስ ይነሣል። ሻንጣው ከወንበሩ ሥር ተቀምጧል። በጠረጴዛው ሥር፣ ደወል ከተቀመጠችበት ሆና የሻንጣው እጀታ ይታያታል። ጠዋቱን ሙሉ ስታየው ነበር።

*

«በየግማሹ ከሠራነው አይደርስም» አለች ደወል። ድምፅዋን እንደ ሥራ ድምፅ ለማድረግ ታገለች። «በአንድ ጠረጴዛ ላይ መሆን አለበት፣ አባዬ።»

አባቷ ቁም ሳጥኑን አየ፤ ሰዓቱን አየ፤ እህቱን አየ።

«እኔ እንግዶቹን ልቀበል እወጣለሁ» አለ በመጨረሻ። «አንቺ እዚሁ ሁኚ፣ እህቴ።»

«የት እሄዳለሁ? እግሬ እንደሆነ አብጧል።»

መዘውር በቁም ሳጥኑ በኩል ዞሮ መጣ። ከስንት ጊዜ በኋላ ፊት ለፊት ሲቆም ደወል ቀድማ ያየችው እጆቹን ነበር። ጥፍሮቹ ሥር ያለው ቅባት ያው ነው። ጉንጩ ግን ጎድሏል። እሱም አንዴ አያትና ዓይኑን ወዲያው ወደ ባቡሩ ሰበረ።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና።»

«ሞተሩ ምንም አልሆነም» አለ። «ፈትሼዋለሁ።»

«እና ድምፁ ነው ልትለኝ ነው?»

«እንደዛ አላልኩም።»

«አልክ እንጂ! ሳምንቱን ሙሉ እያልክ አይደል? አንድ ቀን ይዘገያል፣ አንድ ቀን ይቀድማል። ሆን ብለህ ካልሆነ በቀር ሞተር እንዲህ ያደርጋል?»

«ሆን ብዬ?» ፊቱ ተለዋወጠ። «ምን በደልሽኝና ነው ሆን ብዬ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። አንተ ሰው ሳትሰናበት የምትሄድ ሰው ሆነሃል።»

«አንቺስ ለሰው ሳትነግሪ የምታገቢ።»

አክስት ሹራቧን ጭኗ ላይ አሳረፈች። «እናንተ፣ የአንድ አማት ምራቶች ነው የምትመስሉት» አለች። «ልጆቹ መርፌ እየጠበቃቸው ነው። ባቡሩን ሥሩና ከዚያ ትናከሳላችሁ።»

ደወል ምላሷን ነከሰች። አንድ ነገር ሲያቃጥላት ሁልጊዜ የምታደርገውን አደረገች፤ ከምታየው ጀመረች። ክዳኑን ወደ ግራ፣ ወገቡን ወደ ቀኝ አድርጋ አስቀመጠች። የመለኪያ ቴስተሩን ጫፎች ከቦርዱ ላይ አሳርፋ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠበቀች።

«ሐዲዱ ተጠርጓል» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር። «ሽቦዎቹ ተቀይረዋል። ኃይል የሚያጠራቅመውን ካፓሲተር ትናንት አባዬ አዲስ በየደበት። የሚመጣው ኃይል አይዋዥቅም። ቦርዱም ትክክል ነው።»

«የኔም ቦርድ ትክክል ነው። ቅቤ እንደሚቆርጥ ነው ጎማው የሚዞረው።»

«እንግዲህ አስብ። አንድ ዕቃ ሲበላሽ በአንድ በኩል ነው የሚበላሸው። የዘገየ እንደዘገየ፣ የፈጠነ እንደፈጠነ ይቀራል። ይሄ ግን ማታ እየተኛ ጠዋት ይገለበጣል። ዕቃ እንዲህ አያደርግም።»

ቃሉን ስትጨርስ ቀጣዩ ሐሳብ ከፊቷ ቆሞ አገኘችው።

«እንዲህ የሚያደርግ ሰው ነው» አለች ቀስ ብላ። «መጀመሪያ ቀን ድምፁ ሲቀድም፣ አንተ ምኑን ነካካህ?»

መዘውር የባቡሩን ጎማ በጣቱ አሽከረከረ።

«ንገረኝ።»

«ሞተሩ የሚነሣበትን ኃይል ጨመርኩ» አለ። «ቶሎ ተነሥቶ ድምፅሽ ላይ እንዲደርስ።»

«እኔ ደግሞ ድምፁን አዘገየሁት። ጎማህን እንዲጠብቅ።»

ተያዩ።

«በማግስቱ ጎማው ቀደመ» አለች።

«አብዝቼዋለሁ አልኩና ኃይሉን መለስኩት።»

«እኔም አብዝቼዋለሁ አልኩና ድምፁን ወደ ቦታው መለስኩት።»

«ከዚያ እንደገና ድምፁ ቀደመ።»

«ከዚያ እንደገና አንተ...»

«ከዚያ እንደገና አንቺ...»

አክስት ሳቋ አመለጣት። ደወልም ሳቀች፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ተሰብሮ ሌላ ነገር ሊሆን ሲል አፏን በእጇ ያዘች። መዘውር አልሳቀም። የባቡሩን ወገብ እንደ ቆሰለ ወፍ በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። የወርክሾፑ ሕግ የተሠራው ለዚህ ነበር። አንዱ ቢቆም፣ አንዱ ብቻ ቢመጣ ኖሮ ሥራው የአንድ ጠዋት ነበር። ሁለቱም መጡ፤ ሁለቱም ሳይናገሩ መጡ፤ በመንገድ ላይ ተላለፉ።

«ለምን አልተውክልኝም?» አለች። «ድምፁ ነው የቀደመው። ድምፁ የኔ ነው። ትመልሰው ማለት ትችል ነበር።»

«ድምፁን እንዳትነኪው ፈርቼ።»

«ምኑን?»

መዘውር ወደ አክስት አየ። አክስት የሹራቧ ክር የጠፋባት ይመስል አጎንብሳ ትፈልገው ጀመር።

«መጀመሪያው ላይ ያለውን» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከፉጨቱ ቀጥሎ፣ እንፋሎቱ ከመጀመሩ በፊት። ባቡር ጣቢያው ሄደን ድምፁን ስንቀዳ ነፋስ ነበር። ማይኩን በጃኬቴ ከልዬ ይዤልሽ ነበር። እዚያ ላይ... ትንፋሼ አለ። ስታስተካክዪ እንዳትቆርጪው ብዬ ነው።»

ያንን ትንፋሽ የምታውቀው ደወል ራሷ ብቻ መስሏት ነበር። ድምፁን ስታጠራ ነፋሱን አውጥታዋለች፤ የሰዎቹን ጫጫታ አውጥታዋለች፤ ያችን አንዲት ትንፋሽ ግን ባገኘቻት ቁጥር አልፋታለች። ማንም አይሰማትም ብላ በባቡሩ ሆድ ውስጥ ደብቃታለች።

«አልቆርጠውም ነበር» አለች።

«እንዴት አውቃለሁ?»

«ልክ ነህ። እንዴት ታውቃለህ።»

ዓይኗ ወደ ወንበሩ ሥር፣ ወደ ሻንጣው ሄደ። አሁን አንድ ጥያቄ ብቻ ቀራት፤ እሱን ካሁን በፊት ያልጠየቀችው መልሱን የምታውቅ መስሏት ነበር። ሞተሩንም የምታውቅ መስሏት ነበር።

«ፋብሪካውስ?» አለች። «እሱንስ ለምን...»

የግቢው በር ተንኳኳ። የመኪና በር ተዘጋ። የአባቷ ድምፅ፣ ለእንግዳ ሲሆን ብቻ የሚያወጣው ያ ቀጭን ድምፅ፣ «ግቡ፣ ግቡ፣ ቤታችሁ ነው!» ሲል ተሰማ። መዘውር አፉን ከፍቶ ነበር፤ መልሶ ዘጋው።

*

የዶክተሩ እናት ረጅም፣ ቀጥ ያለች ሴት ናት። የምትቀመጥበትን ወንበር በመሐረብ ጠርጋ ተቀመጠች። ዶክተሩ ግን ከመቀመጥ ይልቅ ወደ ሐዲዱ ተጠጋ፤ የደከመው፣ ደግ ፊት ያለው ሰው ነው። ለመዘውርም እጁን ዘረጋለት። መዘውር እጁ ቅባት መሆኑን አሳይቶ ክንዱን አቀረበለት።

«ደረሰልን?» አለ ዶክተሩ።

«ሊደርስ ነው» አለ አባትየው፤ ደወልን በዓይኑ ተቆጣት።

«ጥፋቱ ተገኝቷል፣ አባዬ» አለች። «አሁን ነው የምናስተካክለው። እዚሁ።»

«እንግዳ ፊት?»

«እንግዳ ፊት።»

ክዳኑና ወገቡ ተገጠሙ። ባቡሩ ሐዲዱ ላይ ተቀመጠ። ከሁለቱ ማን እንደሚቆም ገና አልተነጋገሩም ነበር። ከዚያ መዘውር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ሁለት እጁን ከጠረጴዛው አነሣ።

«ቆሜያለሁ» አለ።

እንደ ቀድሞው አልጮኸም።

ደወል «መጣሁ» ለማለት ፈለገች፤ ቃሉ አልወጣላት አለ። ወደ ቦርዱ አጎነበሰች።

መጀመሪያ ሲሞከር ድምፁ ቀደመ። አዘገየችው። ቀጥሎ ለዓይን የማይታይ ያህል ቀደመ፤ መዘውር ግን ዓይኑን ጨፍኖ እያዳመጠ ነበርና ራሱን ነቀነቀ። እሷ ማየት ያለባት መሣሪያዋን ነበር፤ የምታየው ግን የሱን ጎማ ነው። እሱ ማየት ያለበት ጎማውን ነበር፤ የሚሰማው ግን የሷን ድምፅ ነው። ዶክተሩ በመካከላቸው ቆሞ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየ። የሕፃናት ሐኪም ነው፤ ያመመውን መናገር የማይችል ሰው ፊት ማንበብ ሥራው ነው። ቀስ በቀስ ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ።

ደወል ቁልፉን ተጫነች።

ፉጨቱ ወጣ። ከዚያ አንዲት ትንፋሽ፣ የሁለት ሰዎች ጆሮ ብቻ የሚያውቃት። ከዚያ የመጀመሪያው «ፉሽ»፤ ከእሱ ጋር፣ ሳይቀድም ሳይዘገይ፣ ጎማው ተነሣ። ትንሹ ባቡር ትልቅ ሆነ። ፉርጎዎቹን እያባበለ አስከተላቸው፤ የረጅሙን ጠረጴዛ ጫፍ ዞሮ፣ በቁም ሳጥኑ እግሮች መካከል ሾልኮ፣ ወዲያ ማዶ ጠፋ። ድምፁ ብቻ ቀረ። ተመልሶ ብቅ ሲል የዶክተሩ እናት ሳታስበው አጨበጨበች።

«ድንቅ ነው!» አለች። «እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ልጄም ሥራ አለው፣ እኛም መሽቶብናል። ልጅቷ ቃሏን ትስጠን።»

አባትየው ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄ» አለ፤ «ነገርሽን ለኔ ተናግረሻል። ለእነሱም ንገሪያቸው።»

ባቡሩ አሁንም ይዞር ነበር። ደወል ልታጠፋው እጇን ዘረጋችና ተወችው። «እሺ» አጭር ቃል ናት፤ ተናግራ ብትገላገል አባቷ ይደሰታል፣ ደጉ ሰው ይደሰታል፣ አውቶቡሱም ይሄዳል። ሁሉም ነገር በየቦታው ይሆናል፤ እሷ ብቻ ካለቦታዋ።

«አንድ ነገር ሳልጠይቅ አልመልስም» አለች።

«ጠይቂን» አለች የዶክተሩ እናት።

«እናንተን አይደለም።» ዞረች። «መዘውር፣ ፋብሪካውን የያዝከው ወደኸው ነው ወይስ ለኔ ብለህ?»

አባትየው «ምን ማለት ነው ይሄ?» ሲል ተነሣ። መዘውር ወደ እሱ አየ፤ ሙያ ያስተማረው ሰው ነው። ከዚያ እጁን አየ። ከዚያ እሷን።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ተጠይቄ ብዋሽ እርስዎ ያስተማሩኝን መካድ ነው። ቁም ሳጥኑ ሲመጣ ነገሩ ገባኝ። እዚህ ካለሁ አንድ ዓይኗ ወደኔ ይሆናል አልኩ። የተሻለ ሕይወት መጥቶላት እኔ እንቅፋት አልሆንም አልኩ። ፋብሪካውን አልወደድኩትም። አይቼውም አላውቅ። ለሷ ብዬ ነው።»

«እኔ ደግሞ የፈለግከው ሥራ መሰለኝ» አለች ደወል፤ እንባዋ ሳትጠራው መጣ። «ለኔ ብለህ እንዳትቀር ፈራሁ። ካገባሁ ልብህ አርፎ ትሄዳለህ አልኩ። እሺ ያልኩት ለአንተ ብዬ ነው። ሰማህ? አንተ ለኔ ብለህ ሄድክ፤ እኔ ለአንተ ብዬ ሄድኩ። ሁለታችንም ሄደን ማን ማንን ሊያገኝ ነው?»

ባቡሩ በቁም ሳጥኑ ሥር ሾልኮ ወዲያ ማዶ ዞረ።

«ምንድን ነው የሚሉት?» አለች የዶክተሩ እናት ወደ አክስት ዘንበል ብላ።

«ባቡሩን እየጠገኑት ነው፣ እሜቴ» አለች አክስት፤ ዓይኗን በሹራቡ ጫፍ ጠረገች።

ደወል ወደ ዶክተሩ ዞረች። ለእሱ ማለት የነበረባት ነገር ከሁሉ ይከብዳት ነበር። «አንተ ምንም አላጠፋህም» አለችው። «ያ ‹እሺ› ያንተ አልነበረም። ብሰጥህ ኖሮ የሌላ ሰው ዕቃ መስጠቴ ነበር።»

ዶክተሩ ባቡሩን በዓይኑ ተከተለው። ሲመልስ ድምፁ ደረቅ ነበር፤ ግን አልተቆጣም።

«ቅድም ስትሠሩ አይቻችኋለሁ» አለ። «ለማንም ሐኪም ግልጽ ነው። ዛሬ ብትነግሪኝ ይሻላል፤ ነገ ቢሆን የባሰ ያመኝ ነበር።»

እናቱ ተነሣች፤ መሐረቧን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ቃል ሳትተነፍስ ወደ መኪናው ወጣች። አባትየው አልሸኛትም። መነጽሩን አውልቆ፣ ባዶ ዓይኑን በጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። ደወል ቁጣውን ጠበቀች። የአባቷን ቁጣ ታውቀዋለች፤ ጆሮዋ የማያውቀው ዝምታውን ነበር።

«ሳምንቱን ሙሉ» አለ በመጨረሻ፣ ለባቡሩ እንደሚናገር፣ «ሳይነጋገሩ ሁለቱም ነኩት?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«በኔ ወርክሾፕ።»

«ማን ሊሰማ ይነጋገራሉ?» አለች አክስት። «በመሐላቸው ግንብ አቁመህ።»

አባትየው መነጽሩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ፊቱ ላይ የደስታ ምልክት የለም፤ ለልጁ ያሰበው መንገድ ዓይኑ እያየ ተዘግቷል፤ ያ ቶሎ የሚሽር ነገር አልነበረም። ባቡሩን በጥንቃቄ አቆመ። ከዚያ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄዶ ትከሻውን አስደገፈና ገፋ። ቁም ሳጥኑ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልሄደም።

መዘውር ሊረዳው ተንደረደረ። አባትየው እጁን አነሣበት። «አንተ ቁም» አለው። «አልጨረስኩም ከአንተ ጋር።»

የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ በሌላኛው ጫፍ የቆመው ዶክተሩ ነበር። «ከባድ ነው፣ ጋሼ» አለ፤ «ለአንድ ሰው አይሆንም።» ሁለቱ ሰዎች፣ ያልፈለጉትን ነገር ወደ ግድግዳው ወሰዱት። ዶክተሩ አቧራውን ከእጁ አራግፎ ባቡሩን በሳጥኑ ተቀበለ፤ «ልጆቹ ይወዱታል» ብሎ ወጣ። ደወል ጀርባውን ስታይ ሐዘንም እፍረትም ደረቷ ውስጥ ተጋፉ፤ ያንን ሰው ዕድሜዋን ሙሉ በክብር እንደምታስበው አወቀች።

ረጅሙ ጠረጴዛ አሁን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል። ቁም ሳጥኑ የነበረበት ቦታ ላይ ያልደበዘዘ፣ ጥቁር የእንጨት ቀለም ቀርቷል። ከዚያ ምልክት ወዲህ እሷ፣ ወዲያ እሱ ቆመዋል። ሻንጣው ከወንበሩ ሥር ነው።

ከውጭ፣ ከዋናው መንገድ፣ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ተሰማ። መዘውር አልተነቃነቀም። ሁለት እጆቹን ከጎኑ አድርጎ፣ ልክ ሲቆም እንደሚቆመው ቆሟል፤ ዓይኑ ከእሷ ላይ አልተነሣም።

ደወል ጥሩምባውን ሰማችው። ሲቀርብ ሰማችው፤ ከበሩ ፊት ሲያልፍ፤ ከዚያ ሲርቅ፣ ሲቀጥን፣ ሲጠፋ። ሥራዋ ድምፅ ነውና የሚርቅ ድምፅ ምን ያህል እንደሚያም ከማንም በላይ ታውቅ ነበር። ይህኛው አላመማትም።

«መጣሁ» አለች።